ኪንታሮትና የጓዳችን ዕፅዋት፦ የሚያስታግሰው የትኛው ነው? የሚያቃጥለውስ?



ሰው የራስ ምታቱን ለጎረቤቱ፣ የጨጓራ ሕመሙን ለሥራ ባልደረባው ሳያፍር ይናገራል። ኪንታሮት ሲይዘው ግን ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳያወራ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ፋርማሲ ሲመጣም ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ ጥግ ይዞ ይቆማል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሰው ነው» እያለ መድኃኒቱን ይጠይቃል። እህቶቻችን ደግሞ ይብሳሉ፤ ወንድ ፋርማሲስት ካዩ ሳይጠይቁ ይመለሳሉ።

ሐያእ በዲናችን የተወደደ ጠባይ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ሐያእ ሕክምናን የሚከለክል አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለን። ታላቁ ሶሐባ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ባሱር ማለትም ኪንታሮት ነበረባቸው። በዚህ ሕመም ሳሉ እንዴት እንደሚሰግዱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከቻሉ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። ይህ ሐዲስ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በሽተኛ እንዴት እንደሚሰግድ ከሚያስተምሩን ዋነኛ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ሶሐባው አፍረው ቢተዉት ኖሮ ይህ ሁሉ ዕውቀት በምን ይደርሰን ነበር?

በዛሬው ዓምዳችን ኪንታሮት ምን እንደሆነ፣ ከቤታችን ዕፅዋትና ምግቦች ውስጥ የትኞቹ ሕመሙን እንደሚያስታግሱ፣ የትኞቹ ደግሞ ጉዳት እንደሚያደርሱ፣ መቼስ ወደ ሐኪም መሄድ ግዴታ እንደሚሆን ኢንሻአላህ እንመለከታለን።

ኪንታሮት ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት በስሙ ላይ እንግባባ። በአማርኛ «ኪንታሮት» የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው በእጅ፣ በእግርና በፊት ቆዳ ላይ የሚበቅለው ሲሆን የሚመጣውም በቫይረስ ነው። ሁለተኛው በፊንጢጣ ላይ የሚወጣው፣ በዐረብኛ ባሱር (በብዙ ቁጥር በዋሲር) የሚባለው ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በሽታዎቹ አይገናኙም። ለእጅ ኪንታሮት የሚሸጠው ፈሳሽ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚልጥ ነው። ያንን ፊንጢጣ ላይ መቀባት ከባድ ቁስል ያስከትላል። ስለዚህ ፋርማሲ ስትሄዱ «የኪንታሮት መድኃኒት» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ የፊንጢጣ መሆኑን ግለጹ። ይህችን አንዲት ቃል ማፈር ብዙ ሊያስከፍል ይችላል።

የፊንጢጣ ኪንታሮት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በፊንጢጣ ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያሉባቸው ለስላሳ ትራሶች ፈጥሮልናል። እነዚህ ትራሶች ፊንጢጣ በደንብ እንዲዘጋ ይረዳሉ። ኪንታሮት የሚባለው እነርሱ በግፊት ብዛት ሲያብጡና ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ነው።

ውስጠኛው ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ በዚያ ቦታ የሕመም ነርቭ የለምና። ምልክቱ ከሰገራ በኋላ የሚንጠባጠብ ደማቅ ቀይ ደም ነው። ሐኪሞች በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። በ1ኛው ደረጃ ይደማል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። በ2ኛው ሲያምጡ ይወጣና በራሱ ይመለሳል። በ3ኛው በእጅ ካልገፉት አይመለስም። በ4ኛው ቢገፉትም አይመለስም። ውጫዊው ኪንታሮት ደግሞ በፊንጢጣ ከንፈር ላይ የሚወጣ እብጠት ነው። ደም በውስጡ ሲረጋ ድንገት ጠንክሮ ያብጣል፤ ሕመሙም መቀመጥ ይከለክላል።

ምን ያመጣዋል?

ዋናው ምክንያት የሆድ ድርቀትና ማማጥ ነው። ሰገራ ሲደርቅ ሰው ያምጣል፤ ሲያምጥ ደሙ ወደ ታች ይገፋል፤ ትራሶቹም ያብጣሉ። ከዚህ ሌላ እርግዝናና ወሊድ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ (ሾፌሮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ባለሱቆች ይህን ያውቁታል)፣ ውኃ አለመጠጣት፣ አትክልትና ጥራጥሬ ማነስ፣ ዕድሜ መግፋትም ያግዙታል።

በእኛ አካባቢ ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ሌላ ምክንያት ጫት ነው። የሸሪዓውን ብይን ለዑለማዎች ትተን በጤናው በኩል ብቻ እንመልከተው። ጫት ታኒን የሚባል አንጀትን የሚያደርቅ ንጥረ ነገር አለው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በርጫ ላይ ደግሞ ሰው ለሰዓታት ከአንድ ቦታ አይነሳም። በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመ የየመን ጥናት ዘወትር ጫት የሚቅሙ ሰዎች ከማይቅሙት እጅግ በበለጠ ኪንታሮት ተገኝቶባቸዋል። ማታ ማታ እየቃሙ ጠዋት ቅባት መቀባት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው።

የሚያስታግሱ ዕፅዋትና ምግቦች

አንድ እውነት በቅድሚያ እናስቀምጥ። ኪንታሮትን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ ቅጠል የለም። ዕፅዋት የሚሠሩት ሥራ ሁለት ነው፤ ሰገራን ማለስለስና የተቆጣውን ቆዳ ማብረድ። ይህ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። 1ኛና 2ኛ ደረጃ ላይ ያለ ኪንታሮት ሰገራ ከለሰለሰ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

1. ተልባ። ከቤታችን የኪንታሮት ረዳቶች ቀዳሚውን ስፍራ መያዝ ያለበት ተልባ ነው። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ 27 ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) አለ። ውኃ ሲነካው የሚዝለገለገው ነገር ሰገራን አርጥቦ ያንሸራትተዋል። አሰር ኪንታሮትን መርዳቱ በሳይንስም የተፈተነ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምገማ በ378 ሰዎች ላይ የተደረጉ 7 ጥናቶችን አንድ ላይ ተመልክቶ አሰር የወሰዱት ሰዎች መድማት በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አግኝቷል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ታምሶ የተወቀጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይበጠብጡና ይጠጡ። ከላዩ ሌላ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጨምሩበት። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከተስማማ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ ብዙ ከጀመሩ ሆድ ይነፋል። ውኃ ሳይጠጡ ተልባ መውሰድ ደግሞ ድርቀቱን ያብሰዋል። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በመድኃኒቱና በተልባው መካከል 2 ሰዓት ያህል ይለይ፤ የሚዝለገለገው ነገር መድኃኒቱን ይዞ ሥራውን ሊያዘገይበት ይችላልና።

ተልባ የማይስማማው ሰው በፋርማሲ ኢስፓጉላ የሚባለውን የፍሬ ገለባ መጠቀም ይችላል። ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ውኃ የመጠጣት ግዴታውም እንደዚያው።

2. አብሽ። በሐረር፣ በወሎና በጅማ ቤቶች አብሽ ተዘፍዝፎ፣ መራራው ውኃ ተደፍቶ፣ ተመትቶ ይጠጣል። አብሽም እንደ ተልባ የሚዝለገለግ አሰር አለው፤ አንጀትን ያለሰልሳል። ነገር ግን ጥንቃቄ አለው። አብሽ የደም ስኳር ዝቅ ያደርጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየቀኑ በብዛት ቢጠጣው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎችም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውሰዱት። ነፍሰ ጡር እህቶች በወጥ ውስጥ ካለው መጠን በላይ እንደ መድኃኒት መጠጣት የለባቸውም።

3. ማር፣ የወይራ ዘይትና ሰም። ማርም ወይራም በቁርኣን የተወሱ ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ማር፣ የወይራ ዘይትና የንብ ሰም በእኩል መጠን ተደባልቀው ኪንታሮትና የፊንጢጣ መሰንጠቅ ላለባቸው 15 ሰዎች በየ12 ሰዓቱ ተቀብተውላቸዋል። መድማቱ፣ ሕመሙና ማሳከኩ ቀንሶላቸዋል፤ ጉዳትም አልታየም። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነና ከሌላ ቅባት ጋር ስላልተነጻጸረ «ተረጋግጧል» አንልም። ሆኖም ጉዳት የሌለውና በእጃችን ያለ ማስታገሻ ነው።

በቤት ለማዘጋጀት ንጹሑን ሰም በትንሽ ዕቃ ያድርጉና ዕቃውን በሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያቅልጡት። እኩል መጠን የወይራ ዘይት ይጨምሩ። ከእሳት አውርደው ሞቅ እንዳለ እኩል ማር ጨምረው ያማስሉት። ሲበርድ ቅባት ይሆናል። በንጹሕና ክዳን ባለው ብልቃጥ ያስቀምጡት። ጠዋትና ማታ ከታጠቡና በደንብ ከደረቁ በኋላ በስሱ ይቀቡ። ስኳር የተደባለቀበት ማር ለዚህ አይሆንም። ንብ ሲነድፈው ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም ማር የማይስማማው ሰው አይጠቀም።

4. እሬት። እሬት ሁለት ነገር በአንድ ቅጠል ይዟል። ከቅጠሉ ልብ የሚገኘው ንጹሕ ዝልግልግ ቆዳን ያቀዘቅዛል፤ በስሱ ከውጭ ቢቀቡት ማሳከክና ማቃጠልን ያስታግሳል። ከልጣጩ ሥር የሚፈሰው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ሌላ ነው። እርሱን መጠጣት አንጀትን አስገድዶ ያስቀምጣል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ተቅማጡ ኪንታሮቱን ያቆጣዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. እሬት ያለባቸው የሆድ ማስለቀቂያዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ያደረገው ደኅንነታቸው በበቂ ስላልተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ቆርጠው ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ያቁሙት። ልጣጩን ልጠው ልቡን ይጠቡና መጀመሪያ በክንድዎ ላይ ጥቂት ይሞክሩት። ካላሳከከዎት ከውጭ ብቻ ይቀቡ። በአገራችን ሜዳና ገደል ላይ የሚበቅለው እሬት ብዙ ዓይነት ስለሆነና ሁሉም እንደ ቤቱ ለስላሳ ስላልሆነ ያልታወቀውን አይቀቡ።

5. ቴምር፣ በለስና ሌሎች ምግቦች። በ100 ግራም ቴምር ውስጥ 7 ግራም ገደማ አሰር አለ። የደረቀ በለስ ከዚያም ይበልጣል። በለስ ኪንታሮትን ይቆርጣል የሚል ሐዲስ በሰዎች ዘንድ ይወራል። ኢብኑል ቀይም ሐዲሱን በዛዱል መዓድ አንስተው ትክክለኛነቱ ላይ ጥያቄ አላቸው። ስለዚህ በለስን እንደ መልካም ምግብ እንብላው፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጣ መድኃኒት ነው ብለን ግን አንናገር። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ከነገለባው የተፈጨ ገብስና አጃ ሁሉም የአሰር ምንጮች ናቸው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ጋርም ወደ 8 ብርጭቆ ውኃ።

ለአራስ እህቶች አንድ ቃል እንጨምር። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ኪንታሮት የተለመደ ነው። በአራስ ቤት ቅቤ የጠገበ ገንፎና ሥጋ ብቻ ሲደጋገም ድርቀቱ ይብሳል። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት ጥሩ ነው፤ ከጎኑ ጎመንና ፓፓያ አይጥፋ። ውኃም ለእናትም ለጡትም ያስፈልጋል።

6. ለብ ያለ ውኃ። ዕፅ ባይሆንም ከብዙ ዕፅዋት ይበልጣል። በንጹሕ ሳፋ ለብ ያለ ውኃ ያድርጉና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡበት። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በተለይ ከሰገራ በኋላ ያድርጉት። ውኃው የፊንጢጣን ጡንቻ ያፍታታል፤ ሕመሙን ያቀላል። ዴቶል፣ ሳሙና፣ ጨው ወይም ቅጠል አይጨምሩበት። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እየተጫኑ ያድርቁ እንጂ አይፈትጉ።

በጥንቃቄ የሚያዙ

ሰና መኪ በሐዲስ የተወሳ የታወቀ የሆድ ማስለቀቂያ ነው። በፋርማሲም በእንክብል መልክ ይሸጣል። አንጀትን እየቀሰቀሰ ስለሚሠራ ለጥቂት ቀን ድርቀት ይሆናል። ከአንድ ሳምንት በላይ ግን ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም። ሰውነት ጨውና ውኃ ያጣል፤ የሆድ ቁርጠትም ያመጣል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ያለ ሐኪም አይሰጥም። የዘወትር መፍትሔ ተልባና ጥራጥሬ ነው እንጂ ሰና መኪ አይደለም።

ጥቁር አዝሙድ ትልቅ ቦታ ያለው ዘር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በምግብ ላይ ቢነሰነስ መልካም ነው። ያልተበረዘ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በተቆጣና በሚደማ ቆዳ ላይ መቀባት ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታና ማቃጠል ያመጣል። ለኪንታሮት ከውጭ ባይቀባ ይመረጣል።

የሚያቃጥሉ፤ ከቶ የማይነኩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በየመንደሩ «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ጥገና እንነቅላለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከሚጠቀሙባቸው መካከል የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት፣ የአመራ ሥርና እነዚህን የመሳሰሉ የሚያቃጥሉ ዕፅዋት ይገኛሉ። በየቤቱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ልጦ ማስገባት፣ ፌጦ ወቅጦ መለጠፍ የተለመደ ነው።

አሠራራቸውን እንረዳ። እነዚህ ነገሮች ኪንታሮትን ለይተው አያውቁም፤ የነኩትን ሥጋ ሁሉ ያቃጥላሉ። ኪንታሮቱ ጠቁሮ ሲረግፍ ሰው «ተነቀለልኝ» ይላል። አብሮት ግን ጤነኛው ቆዳና አንዳንዴም የፊንጢጣ ጡንቻ ይቃጠላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል፤ ፊንጢጣም ይጠባል። ከወራት በኋላ ሰውዬው ሰገራ እንደ ክር እየቀጠነ፣ እያማጠ፣ እያለቀሰ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ጡንቻው የተጎዳ እንደሆነ ደግሞ ሰገራና ጋዝ መያዝ ያቅተዋል፤ ዉዱእ መያዝም ጭንቅ ይሆንበታል። ኪንታሮቱ በቀላሉ ይታከም የነበረ ሰው ለከባድ ቀዶ ጥገና ይዳረጋል። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ቢፈናጠቅ ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጀህ ዘግበውታል። ይህ ለሚያክመው ብቻ ሳይሆን ለሚታከመውም ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውነታችን አማና ነው፤ ለማያውቅ ሰው አንሰጠውም።

ይህን ስንል የባህል ሐኪሞችን ሁሉ መንቀፋችን አይደለም። ብዙ ጠቃሚ ዕውቀት በእነርሱ ዘንድ አለ። መለያው ግን ቀላል ነው፤ የሚያለሰልስና የሚያበርድ ከሆነ ይሞከራል፣ የሚያቃጥልና የሚልጥ ከሆነ ይራቃል። በውስጡ ምን እንዳለ የማይነገር ቅባትም ከሚርቁት ይቆጠራል።

ከፋርማሲ ስለሚገዙ

የሚያደነዝዙ ወይም ኮርቲዞን ያለባቸው ቅባቶች ሕመምና ማሳከክን ለጊዜው ያበርዳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ7 ቀን በላይ አይቀቡ፤ ቆዳውን ያሳሱታልና። ሕመም ቢጸና ፓራሲታሞል ይሻላል። እየደማ ላለ ሰው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማቱን ያብሳሉ። ኮዴይንና ትራማዶል ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ። የደም ማነስ ላለበት የሚታዘዘው የአይረን ክኒንም ድርቀት ያመጣል፤ ሰገራንም ያጠቁራል። በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን ወይም የደም ማቅጠኛ ያላችሁ ግን ደማ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያዘዘውን ሐኪም አማክሩ።

መጸዳጃ፣ ሶላትና ረመዳን

ኢስቲንጃእ ለኪንታሮት ታማሚ ትልቅ ጸጋ ነው። ሻካራ ወረቀት ያቆስላል፤ ውኃ ግን ያጠራል፣ ያበርዳል። ብቻ በኃይል አይፈትጉ፤ ሽቶ ያለው ሳሙና አይጠቀሙ። መጸዳጃ ቤት ሞባይል ይዞ መግባትና ሩብ ሰዓት መቀመጥ ኪንታሮትን ከሚያባብሱ የዘመናችን ልማዶች አንዱ ነው። በ5 ደቂቃ ካልመጣ ተነሥተው ሲመጣ ይመለሱ። ሲመጣ ደግሞ አያቆዩት። የምትጠቀሙት ወንበር ያለው መጸዳጃ ከሆነ እግርን በትንሽ በርጩማ ላይ ማሳረፍ ሰገራን ያቀላል።

ሱጁድና ሩኩዕ የሚያምመው ሰው የዒምራንን (ረ.ዐ) ሐዲስ ያስታውስ፤ ዲን ገር ነው። ደሙ የማይቋረጥበት ሰው ብዙ ፉቀሃዎች እንደሚያስረዱት የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ዝርዝሩን መዝሀባችሁን የሚያውቅ ኡስታዝ ጠይቁ። ሶላትን በዚህ ምክንያት መተው ግን የለም።

በረመዳን ኪንታሮት የሚነሣባቸው ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ፆሙ ሳይሆን አፈጣጠራችን ነው። ማፍጠሪያው ሳምቡሳና ሥጋ ብቻ ከሆነ፣ ውኃም ሁለት ብርጭቆ ከሆነ ሰገራ ይደርቃል። በቴምርና በውኃ አፍጥሩ። የምስር ሾርባና አትክልት አይቅር። ከመግሪብ እስከ ሱሑር ውኃውን ከፋፍላችሁ ጠጡ። በሱሑር የተበጠበጠ ተልባ ውሰዱ። ሰፖዚተሪ የሚባለው በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ፆምን ያፈርሳል አያፈርስም በሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። መድኃኒቱን ማታ ከመኝታ በፊት ብናደርገው ግን ከክርክሩ እንድናለን፤ ሌሊቱን ሙሉም በቦታው ይሠራል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የሚደማ ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ይደማል። ሰው ለዓመታት ደሙን እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ተልባ ሲጠጣ፣ ቅባት ሲቀባ ካንሰሩ ሊያድግ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ የሚድን በሽታ በእፍረት ምክንያት የማይድን ይሆናል። ስለዚህ ደም ያየ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሐኪም መታየት አለበት። በተለይ ከሚከተሉት አንዱ ካለ አይዘግይ፦

- ዕድሜው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ መድማት ከጀመረው፤
- ደሙ ከሰገራ ጋር የተደባለቀ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከሆነ፤
- ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ከደከመ፣ ከገረጣ፣ ሲራመድ ትንፋሽ ካጠረው፤
- የሰገራው ልማድ ከተለወጠ፤ ለሳምንታት ድርቀትና ተቅማጥ ከተፈራረቀበት ወይም ሰገራው ከቀጠነ፤
- ከቅርብ ዘመድ የአንጀት ካንሰር ያለበት ካለ፤
- ትኩሳት፣ መግል ወይም ከመቀመጥ የሚከለክል ጽኑ ሕመም ካለው፤
- የወጣው ኪንታሮት አልመለስ ካለ፤
- ታማሚው ሕፃን ከሆነ፤ ኪንታሮት በሕፃናት ላይ እምብዛም አይታይምና።

ከእነዚህ አንዱ ባይኖርም በሁለት ሳምንት የቤት እንክብካቤ ያልተሻለው ሰው ይታይ። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው «ቀዶ ጥገና ይሉኛል» ብሎ ይፈራል። እውነቱ ግን ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው። ለብዙዎቹ ምግብ ማስተካከል ይበቃል። ለተወሰኑት ደግሞ ኪንታሮቱን በትንሽ የላስቲክ ቀለበት ማሰር የሚባል ሕክምና አለ፤ ሳይተኙ ተደርጎላቸው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቀለበቱ የሚያስረው ኪንታሮቱን ብቻ ነው፤ እንደ ቁልቋል ወተት ዙሪያውን አያቃጥልም።

እህቶች ሴት ሐኪም መጠየቅ መብታችሁ ነው። ካልተገኘችም ለሕክምና ሲባል አስፈላጊው ቦታ ብቻ መታየቱን ዑለማዎች የፈቀዱት ጉዳይ ነው። መሕረም ወይም ሴት ነርስ አብሯችሁ እንዲሆን ጠይቁ። ባሎችም ሚስቶቻችሁን «ያልፋል» እያላችሁ አታዘግዩ።

ለማጠቃለል ያህል፦ ውኃ ጠጡ፣ ተልባና ጥራጥሬ አብዙ፣ ለብ ባለ ውኃ ተቀመጡ፣ ማርና ወይራውን ቀቡ፣ የሚያቃጥለውን ራቁ፣ ደም ካያችሁ ታዩ። አላህ (ሱ.ወ) በሽታን ያወረደው ከነመድኃኒቱ ነውና መድኃኒቱን በሐላል መንገድ፣ በዕውቀት እንፈልገው። ሺፋ ከእርሱ ዘንድ ነው። የታመሙትን ሁሉ አላህ ሙሉ ሺፋ ያድርግላቸው፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።